ምንም ባልሆነበት ቀን የተመታው ቸርኬ

ባለፈው ሳምንት ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ድልድይ ወዲህ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሻዬን እየጠጣሁ ሳለ መብራት ጠፋ። የመብራት መጥፋት ወሬ አይሆንም፤ ወሬ የሚሆነው ሲመጣ ነው። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት ደወሉ በኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ዘበኛው ዛፍ ላይ የተሰቀለች አሮጌ የመኪና ቸርኬ በብረት ይደበድብ ጀመር። ጓ፣ ጓ፣ ጓ። እኔ ሃምሳን ካለፍኩ የቆየሁ፣ ደረጃ ስወጣ ሁለቴ የማርፍ ሰውዬ፣ ብርጭቆዬን ትቼ ብድግ አልኩና ሮጥኩ። ሦስት ጠረጴዛ ዘልዬ ነው የወጣሁት ብል የሻይ ቤቷ ልጅ ትታዘበኛለች፤ አንድ ወንበር ግን ገልብጫለሁ። አስፋልቱ ዳር ስደርስ ነው ልብ የገዛሁት። ቆሜም ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው ጢስ ነበር፤ ጢስ ሲያጣ ቃሬዛ። ያየሁት ግን ለእረፍት የወጡ ተማሪዎችንና በር ላይ ቆማ የምትስቅብኝን ልጅ ነው። «ጋሼ፣ የእረፍት ደወል እኮ ነው፤ እርስዎም ክፍል አለዎት እንዴ?» አለችኝ። የለኝም አልኳት። ተመልሼ ስቀመጥ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄጄ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። እኔ ዘመን የማስታውሰው በዋጋና በልብስ ነው። ክልል ሆናችኋል የተባልንበት ሰሞን ነው፤ ከተማው ቀለሙ ባልደረቀ ታፔላ የተሞላበት፣ ማህተም የያዘ ሰው ጠመንጃ ከያዘው በላይ የሚፈራበት፣ ስብሰባ ላይ አንዱ የተናገረው በየቋንቋው እስኪተረጎም ተሰብሳቢው ተኝቶ፣ አልሞ፣ ነቅቶ የሚያጨበጭብበት ሰሞን። ሻይ በስሙኒ ነበር። ኮንጎ ጫማ አምስት ብር ገባች ተብሎ «ኧረ ይሄ አገር ወዴት እየሄደ ነው» የተባለበት ጊዜ ነው። የባሮ ዓሣ አንዱ ከእኔ ይረዝም ነበር፣ እኔ ደግሞ አጭር አይደለሁም፤ ሁለት ሰዎች በእንጨት አንጠልጥለውት ሲያልፉ ጅራቱ የመንገዱን አቧራ እየጠረገ ይሄዳል። አቦቦ ገበያ የአሥር ሳንቲም ማንጎ ስትላት ሻጯ ቆጥራ አትሰጥህም፤ «ልብስህን ዘርጋ» ነው የምትልህ። እኔ የምዘረጋው አንድ የቴትረን ሸሚዝ ነበረኝ፤ በዚያ ሙቀት ቴትረን መልበስ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደ መተኛት ነው፣ ግን አይጨማደድምና ጉራ ነበር። አቦቦ ላይ አንድ የወሎ ነጋዴ ሱቁ ደጃፍ የሚያስጮኻት ቴፕ ነበረችው፤ ካሴቱ ሁለት ብቻ። አንዱን ቴፗ በልታው ስለነበር ዘፋኙ መሃል ሲደርስ ድምፁ ወፍሮ እንደ በሬ ያገሣል። እኛ ዘፈኑ እንደዚያ ነው ብለን አብረን እናገሣ ነበር። ከዓመታት በኋላ ደህናውን ካሴት የሰማሁ ቀን ዘፋኙ ተሳስቷል ብዬ ከሰው ጋር ተከራክሬያለሁ።

የምንኖረው ከአቦቦ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የሰፈራ መንደር ነበር። መንደሯ ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ነበራት። አገርህ የት ነው ሲሉኝ እንደ እስረኛ ቁጥር እናገራለሁ። ከወሎ የመጣሁት በልጅነቴ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መኪና ተጭኖ መጥቶ፣ በአንድ ወባ ተንቀጥቅጦ፣ አንድ እድር መሥርቶ ይኖር ነበር። የመንግሥት እርሻው ትራክተሮች አንድ በአንድ ሲሞቱ፣ አንደኛው የኋላ ቸርኬውን አወረሰን። ሰዎቹ ቸርኬውን በሰንሰለት ትልቁ ሾላ ላይ ሰቀሉት። መምቻው ከአንዲት ኤንትሬ የጭነት መኪና ሥር የወለቀች፣ ባሌስትራ የሚሏት የሞላ ብረት ቁራጭ ነበረች። ሲመታ ድምፁ ጎግ ድረስ ይሰማል ይባል ነበር፤ የሚለው እኔ ነኝ። አልዌሮ ወንዝ ዳር ያሉት የአኙዋክ ጎረቤቶቻችን ጋ ግን በእርግጥ ይሰማል። ሕጉ ቀላል ነው። ሳያቋርጥ ከተመታ እሳት ነው፤ ቤቱ ሁሉ ሣር ነዋ። ሁለት ሁለት ከሆነ ሰው ወይም ከብት ጠፍቷል። ሦስት ሦስት ከሆነ ቃሬዛ፤ ይኸውም የታመመ ሰው ወይም ምጥ የያዛት ሴት ወደ አቦቦ ጤና ጣቢያ በትከሻ ትሄዳለች ማለት ነው፤ መኪና የለም፣ ቢኖርም ጭቃው አያሳልፈውም። ሦስት ሦስት ሲመታ ትከሻ ያለው ወንድ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። ልብ ካላችሁ፣ ለደግ ነገር የሚሆን ምት አልነበረንም። ያኔ እኔም ልብ አላልኩም። ደዋዩ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ደዋይ ያደረገኝ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ምስጋናው ነው። ስሙ ምስጋናው ይሁን እንጂ ከአፉ ምስጋና ሲወጣ የሰማ ሰው አልነበረም። ምግብ ሲቀርብለት «ጨው አንሷል» ብሎ ነው የሚባርከው። ጥርሱን ያየው ጥርስ ነቃዩ ብቻ ነው ብዬ አስወርቼበታለሁ፤ እንደሚያውቅም አውቃለሁ። ቤቴ ለሾላው ቅርብ፣ እግሬ ረጅም ስለሆነ ባሌስትራዋን ለእኔ ሰጠኝና፣ ልጁ ሥራ ካገኘ ወሬ ይቀንሳል አለ። አልቀነስኩም፤ ባሌስትራዋን ግን ከትራሴ ሥር አላወጣም ነበር። ያለ እኔ ቸርኬው አይመታም። ሃያ ዓመት አልፎኝ ሦስት አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ክልሉን የማስተዳድረው እኔ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሲዘገይ ያየነውን ጸሎት እስከ ዛሬ አልረሳውም። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ ተጠቀለለ። ክርስቲያኑ በሾላው በስተቀኝ ቆሞ እግዚኦ ይላል፣ ሙስሊሙ በስተግራ ተቀምጦ ዱዓ ያደርጋል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ሕይወቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያልታየ ሁሉ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ እግዚኦ ሲል፣ እግዚአብሔር «ይህ ደግሞ ማነው?» ብሎ መዝገብ ሳያገላብጥ አልቀረም። ስድስት ቀን እንደዚያ ሆነ። በሰባተኛው ዝናቡ መጣ፤ እንዴት ያለ ዝናብ፣ ዶሮዎቹ ዋና ተማሩ። በማግስቱ ኦሞድ የሚባለው አኙዋክ ጎረቤታችን እንደ ልማዱ ዓሣ አንጠልጥሎ መጣ። ኦሞድ ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ አማርኛን ሲፈልግ በሴት ሲፈልግ በወንድ የሚያስኬድ፣ ሁሉንም ሰው «አንተ» የሚል ሰው ነው። የሾላውን ሥር ባዶ ሆኖ ሲያየው ሰዎቹ የት ሄዱ አለኝ። ቤታቸው ናቸዋ፣ ዝናብ መጣ አልኩት። ገረመው።

«ዝናብ መጣች፣ ሰው ሄደ?» አለ። ዓሣውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና፣ «አንተ እግዚአብሔርን እንደ ጤና ጣቢያ ነው የምታያት። ስትታመም ብቻ ትሄዳለህ።»

እኔ ሳቅሁ። ለሳምንት ያህል በየቤቱ እየዞርኩ የኦሞድን ነገር እንደራሴ ቀልድ አወራሁት። ያልሳቀው ዓሣ ሊገዛ አጠገባችን ቆሞ የነበረው አያ ይማም ነው። አያ ይማም ዝምተኛ ገበሬ ነበር፤ ከመናገሩ በፊት መሬት የሚያይ፣ ከተናገረም በኋላ የተናገረው ቦታው ላይ መውደቁን የሚያረጋግጥ ይመስል መሬት የሚያይ። ሚስቱ እቴ ዘይነባ ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱንም አልታቀፈችም ነበር፤ ያን ሰሞን አራተኛውን ይዛ ወሯ ገብቷል። ዓሣውን ተቀበለ፣ ኦሞድን ትክ ብሎ አየው፣ «እውነትህን ነው» አለውና ሄደ።

እቴ ዘይነባን ምጥ የያዛት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ቀን ከቀትር በፊት ነው። የልምድ አዋላጇ ሁለት ሰዓት ሞክራ እጇን እየጠረገች ወጣችና፣ ልጁ በጎኑ ነው፣ ውሰዷት አለች። ሦስት ሦስት መታሁት። እውነቱን ልናገር፣ መንደራችን ብዙ ጉድ ነበረባት፣ ሦስት ሦስት ሲመታ ግን የምታኮራ መንደር ነበረች። ከጋሽ ምስጋናው ጋር በድንበር ተጣልቶ ዓመት ያልተነጋገረው ሰውዬ ከጋሽ ምስጋናው ጎን ቃሬዛውን ያዘ። ኦሞድና ሁለት ወንድሞቹ ከወንዙ ደረሱ። ስምንት ሆነን እየተቀያየርን፣ ጭቃው እስከ ጉልበት፣ እኔ በኋላ ሳወራው እስከ ወገብ፣ አቦቦ አደረስናት። አያ ይማም መንገዱን ሁሉ በቃሬዛው አጠገብ እየሮጠ ኮቱን በላይዋ ይዞላት ነበር፤ ዝናብ ግን አልነበረም። ይህን ያስተዋልኩት ከደረስን በኋላ ነው። ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ተረፉ። እኛ ተመለስን፤ በማግስቱ ሁሉም ወደ በቆሎው ሄደ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ አያ ይማም ቤቴ መጣ። ዘይነባ ትናንት ከጤና ጣቢያ እንደገባች ነገረኝ። እንኳን ማርያም ማረቻት ብዬ ሙስሊም መሆኑ ትዝ ሲለኝ አፌን ያዝኩ፤ እሱ ግን አሜን አለ። ከዚያ መሬቱን እያየ ባሌስትራዋን እንድሰጠው ጠየቀኝ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም። ልደውል ነው።» ትንሽ ቆየና፣ «ስትሄድ የወጣላት ሰው አገር ነው፤ ስትገባ ግን በጓሮ በር፣ እንደ ሌባ ገባች። ስትወጣ የሰማ ሁሉ ስትገባስ አይሰማም? አላህም ቢሆን ከዚህ ቸርኬ ክፉ ብቻ ነው የሚሰማው።»

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ «አያ ይማም፣ እስቲ ጋሽ ምስጋናውን እንጠይቅ» ይል ነበር። ደዋዩ ግን እኔ ነበርኩ። ጋሽ ምስጋናው ፊቱን ግማሹን ተላጭቶ ግማሹን በሳሙና እንዳለ ሲሮጥ ታየኝና በሆዴ ሳቅሁ። ባሌስትራዋን ከትራሴ ሥር አወጣሁና ሰጠሁት። ይህን ያህል ነው ያሰብኩት። አያ ይማም ሾላው ሥር ሄዶ ቆመ። ለምስጋና የሚሆን ምት ስላልነበረን የራሱን መፍጠር ነበረበት፤ ስለዚህ ደስ እንዳለው መታው። ሰው ደስ እንዳለው ሲመታ ደግሞ አያቋርጥም። ሳያቋርጥ ማለት እሳት ነው።

የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ እንስራ ውሃ፣ ወንዶቹ የቅጠል መደብደቢያ፣ አንዱ ደንግጦ የራሱን በር ነቅሎ ይዞ መጣ። ጋሽ ምስጋናው በእርግጥም በሳሙና ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ምኞቴ ተሳካ። በቆሎ ጥበቃ ላይ የነበሩት ማማቸውን ትተው ሮጡ፤ ዝንጀሮዎቹ ይህን ዕድል ሲጠብቁ ስለኖሩ ሰው ከማሳው ሳይወጣ ገቡ። እማማ ጥሩዬ የምትባል ምስኪን አሮጊት ጉድጓድ ውስጥ ገብታ እግሯ ዞረ። እሳቱ የት ነው፣ የማን ቤት ነው ሲባል አያ ይማም ላቡን እየጠረገ፣ ፊቱ እንደ በራ፣ ሰዎቹን ሁሉ አያቸው። ያን ያህል ሰው ለደስታው የመጣለት መስሎታል።

«ምንም አልሆነም» አለ። «ለዚያ ነው የደወልኩት። ዘይነባ ገብታለች። ደህና ነን። አልሐምዱሊላህ በሉልኝ።»

አልሐምዱሊላህ ያለ የለም። ከማሳው በኩል የዝንጀሮዎቹ ጩኸት ይሰማል። ከዚያ የወረደበትን ስድብ ልጻፍ ብል ወረቀቱ ይቃጠላል። የዚያን ቀን የተበላው በቆሎ የሦስት ቤት የዓመት ቀለብ ነበር፤ ይህን አላጋነንኩም፣ አንዷ የእናቴ ማሳ ናት። አመሻሹ ላይ እድሩ ተሰበሰበ። ጋሽ ምስጋናው ክፉ ሰው አልነበረም፣ አሁን ሳስበው ልክም ነበር። ይህ ብረት ሐሰት ከተናገረ፣ ነገ እውነት ሲናገር ማን ይነሳል አለ። ሰው የሚሞተው ያን ቀን ነው። ከዚያም ፈረደ፤ አያ ይማም ከእድሩ አይወጣም፣ ቢሞት እንቀብረዋለን፣ ግን እስከሚመጣው ዓመት ክረምት ቸርኬው ለእሱ ቤት አይመታም። «ደስታህን ብቻህን እንደደወልክ ችግርህንም ብቻህን ተሸከም» አለው። አራስ ሚስት ላለችው ሰው ይህ ቀላል ፍርድ አይደለም። ቃሬዛ ብቻውን የሚሸከም ሰው የለም፤ አንድ ትኩሳት፣ አንድ የደም መፍሰስ በቂው ነው። ሁሉም ያውቃል። አያ ይማምም ያውቃል። ከዚያ ጋሽ ምስጋናው፣ ባሌስትራዋን ማን ሰጠህ ሲል ጠየቀው።

እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። መንደሩን ሁሉ ሲያስቅ የሚውል ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተሰፋ። አያ ይማም ቀና ብሎ አላየኝም። መሬቱን እያየ፣ «ወሰድኳት» አለ። ሰጠኝም፣ ሰረቅሁም አላለም። ወሰድኳት። ስብሰባው አበቃ።

ዛሬ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ሲጮህ አንዳንዴ ያ ስብሰባ ትዝ ይለኛል። ልጆቼ አንዱ ጅማ፣ አንዷ አዲስ አበባ ናቸው። ስልኩ ሲጮህ ገና ሳላነሳ፣ ምን ጎደላቸው እላለሁ፤ እናታቸው ደግሞ ማን ታመመ ትላለች። ደህና ነን ለማለት የሚደውል የለም፤ እኔም ለእናቴ በሕይወት ሳለች አልደወልኩም፤ ያኔ ስልክ አልነበረም የምትሉኝ ከሆነ በእግር ሃያ ደቂቃ ነበረች። አንድ ቀን ሴት ልጄ ደውላ፣ አባዬ ምንም የለም፣ እንዲሁ ነው ስትለኝ ላብ አሰመጠኝ፤ እውነቱን ተናገሪ እያልኩ አሥር ደቂቃ አስጨነቅኳት። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ተናዳ የቤት ኪራይ ጨምሮብኛል አለችኝ፤ ያኔ ተረጋጋሁ።

ከፍርዱ በኋላ ባሌስትራዋ ወደ እኔ ተመለሰች። አያ ይማም ራሱ ነው አምጥቶ የሰጠኝ። ይቅርታ ልለው ስንተባተብ አቋረጠኝ፤ ሚስቴ ስታምጥ ቸርኬውን የመታኸው አንተ ነህ፣ አንተን በምን አፌ እሰጣለሁ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ያህል መንደሩ ውስጥ ቀልድ አልወጣልኝም። ማለቴ እቀልዳለሁ፣ ሰውም ይስቃል፤ በእቴ ዘይነባ በር ሳልፍ ግን የሕፃኗን ሳል ቆሜ አዳምጥ ነበር። ደህና ስትሆን እፎይ እላለሁ፤ እፎይታዬ ግን ለእኔ እንጂ ለልጅቷ አልነበረም፤ ያ ቀን እኔ ሳልጋለጥ አለፈ ለማለት ነበር። እየነገርኳችሁ ያለሁት ያለፍኩበትን ነው፤ በዚያ ሰሞን ሌት ተቀን እግዚኦ የምለው እኔ ነበርኩ፤ የምለምነውም እንዳይነቃብኝ ነበር።

የታመመው ራሱ አያ ይማም ነው። ክረምቱ ሲወጣ ወባ በየቤቱ ትዞራለች፤ እንደ ግብር ሰብሳቢ ማንንም አትረሳም። ሁለት ቀን አንቀጠቀጠው፤ በሦስተኛው ጧት መቃዠት ጀመረ። እቴ ዘይነባ ሕፃኗን አዝላ ቤቴ በር ላይ ቆመች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። «ወንድሜ፣ ሰው መለየት አቁሟል» አለችኝ ብቻ። ፊቷን ሳላይ ባሌስትራዋን አንስቼ ሾላው ሥር ሄድኩና ሦስት ሦስት መታሁ።

ሰው ወጣ። ግን አልሮጠም። እየወጣ በየበሩ ቆመ። እቴ ዘይነባን አጠገቤ አይተዋታል፤ ለማን እንደምመታ ያውቃሉ፣ የተከለከለውንም ያውቃሉ። አንዱ ከሩቅ፣ «የዛሬው ደግሞ የምንድን ነው? ተመስገን ነው እግዚኦ?» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ቀልዱ የእኔ ዓይነት ቀልድ ነበር፤ በእኔ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅሁ። ጋሽ ምስጋናው እየተራመደ መጣና ፊቴ ቆመ።

«ለይማም ቤት አይመታም ተብሏል።»

«ተብሏል» አልኩ። «የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ያን ቀን። ለሳቅ ብዬ ነው የሰጠሁት። እሱ ግን ለሳቅ አልነበረም። ፍርዱ የእኔ ነው፤ ለእኔ ቤት አይመታ፤ እስከፈለጉት ድረስ አይመታ። ሰውየው ግን እየሞተ ነው።»

ጋሽ ምስጋናው ቸርኬውን በመዳፉ ይዞ አቆመው።

«ይህን ለመናገር ሰባት ሳምንት ፈጀብህ» አለ።

«ያውቁ ነበር?»

«ባሌስትራዋ ትራስህ ሥር እንደምታድር የማያውቅ ውሻ እንኳ የለም። ከአፍህ እስኪወጣ ነው የጠበቅነው።» ይህን ብሎ ጋቢውን አውልቆ ለእቴ ዘይነባ ሰጣት። ዞር ብሎም በየበሩ የቆሙትን፣ «ምን ትጠብቃላችሁ? ቃሬዛ!» አላቸው።

ያኔ ሮጡ። ኦሞድና ወንድሞቹ ከወንዙ ሲደርሱ ቃሬዛው ተነስቶ ነበር፤ እነሱ የእድራችን ፍርድ አይመለከታቸውምና ጭራሽ ነገሩን አልሰሙም፤ ሦስት ሦስት ሰሙ፣ መጡ። እኔ የግራውን የፊት እግር ያዝኩ፤ አቦቦ እስክንደርስ አልተቀየርኩም። ይህንን ማጋነን አያስፈልገኝም፤ ትከሻዬ ዝናብ ሲያንዣብብ እስከ ዛሬ ይነግረኛል። ጤና ጣቢያው ግሉኮስ ሰቀለለት፣ መርፌ ወጋው። ነርሷ በአማርኛም በአኙዋክኛም፣ ከሰዓት ብትመጡ ኖሮ ትቀብሩት ነበር አለችን።

አያ ይማም ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለሰ፤ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ቀጥኖ፣ በራሱ እግር ግን። ሰው ሁሉ በበሩ እያለፈ በጎን ያየዋል፤ ይደውል ይሆን? አልደወለም። እኔም ባሌስትራዋን ይዤ ሄጄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፤ አላያትም። «ክልክል ነው» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ሕፃኗ እግሩ ላይ ተኝታለች።

በማግስቱ ፀሐይ ከፍ ስትል ጋሽ ምስጋናው ቤቴ መጣ። እጁን ዘረጋ። «ባሌስትራዋን» አለኝ። ሰጠሁት። ሾላው ሥር ሄዶ እንደ ባዳ ቆመ፤ ቸርኬውን ዞረው፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። ከዚያ አንድ ጊዜ መታው። አንድ ጊዜ ብቻ። እንዲህ ያለ ምት አልነበረንም። ድምፁ ረጅም ነበር፤ ብቻውን ስለነበር መሰለኝ፣ መጨረሻውን ሰማነው። በቆሎው መሃል አገዳ ሲያጭዱ የነበሩ ሴቶች ቀና አሉ፤ ወደ ሾላው አዩ፣ ከዚያ ወደ አያ ይማም ቤት። አንዷ ተመስገን አለች፣ ሌላዋ አልሐምዱሊላህ አለች፣ እናቴ ሁለቱንም ሳታጣላ አለች፤ ተመልሰውም አጎነበሱ። የሮጠ የለም። ጋሽ ምስጋናው ባሌስትራዋን ይዞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። «ይኸው ነው» አለ፣ ማንንም ሳያይ፣ «ሥራችሁን ሥሩ።»

ለወንዙ ሰዎች ግን የአያ ይማምን መመለስ የነገራቸው አልነበረም። ገና ድምፁ ሳይጠፋ ኦሞድ ጦሩን ይዞ፣ ሁለት ወንድሞቹን አስከትሎ፣ ውሃ ከላዩ እየተንጠባጠበ በሩጫ ደረሰ። ዓሣ ላይ ነበር። ምን ሆነ አለ። ጋሽ ምስጋናው አፈረ፤ ሲያፍር ያየሁት ያን ቀን ነው። መልሱን ለእኔ ተወልኝ። «ምንም አልሆነም፣ ኦሞድ። አያ ይማም ዳነ፤ ለዚያ ነው» አልኩት።

ኦሞድ እያለከለከ ቸርኬውን አየ፣ ጋሽ ምስጋናውን አየ፣ የመጣበትን መንገድ ዞሮ አየ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈበት።

«ጥሩ» አለ። «እንግዲያው ይሄን ሩጫ ለእግዚአብሔር ሰጥቻታለሁ።»

ከዚያ ውሃ ጠየቀኝ። በቅል አመጣሁለት፤ ጠጣ፣ ለወንድሞቹ አቀበለ፤ ጦሩን ነቅሎ ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ አሁን እየሮጠ አይደለም።